የሶላር ትርፍ ኃይልን ከጎረቤት ጋር መካፈል፦ ከጅማ ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የመብራት ኃይል መስመር ባልደረሰባቸው የጅማ ዞን ቀበሌዎች በጋራ ወይም በግል ሶላር ለሚጠቀሙ ነው። ለምሳሌ የያዝነው 40 ቤቶችን የሚያበራ ጣቢያ ነው፦ እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ 18 ፓኔሎች (9.9 ኪሎዋት)፣ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዙ 5 የሊቲየም ባትሪዎች (25.6 ኪሎዋት ሰዓት) እና አንድ 10 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔልና የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር)። የእናንተ ጣቢያ ቢያንስም ቢበልጥም የስሌቱ መንገድ አይለወጥም።

ትርፍ ኃይል እንዳለን በምን እናውቃለን?

ባትሪው ሞልቶ ፀሐይ ገና ካልገባች ትርፍ አለ። ባትሪው ሲሞላ ቻርጅ መቆጣጠሪያው ፓኔሉን ስለሚገታው ያልተመነጨው ኃይል ቆጣሪ ላይ አይታይም። ስለዚህ ቆጣሪ አይታችሁ «ትርፍ የለንም» አትበሉ። ለአንድ ሳምንት ባትሪው 100 በመቶ የሚደርስበትን ሰዓት መዝግቡ። ቀን 6 ሰዓት ላይ የሚሞላ ከሆነ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ አብዛኛው እየባከነ ነው።

በወረቀት ለማስላት የፓኔሎቹን አቅም በቀኑ የሙሉ ፀሐይ ሰዓት (የቀኑ ብርሃን ሁሉ በሙሉ ኃይል ቢጠቃለል ስንት ሰዓት እንደሚሆን) አባዙ፤ ውጤቱን እንደገና በ0.75 አባዙ። 0.75 የሚገባው ሙቀት፣ አቧራ፣ ሽቦና ኢንቨርተር ለሚበሉት ነው። በጅማ አካባቢ የዓመቱ አማካይ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ወደ 4 ይወርዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ከዋለ 2 ብቻ ሊሆን ይችላል። በእኛ ምሳሌ ይህ በአማካይ ቀን 37፣ በነሐሴ 30፣ በክፉ ቀን ደግሞ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

አሁን ወጪውን ቀንሱ። ለአንድ ቤት በቀን 250 ዋት ሰዓት ብንመድብ 3 ባለ 7 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት፣ 2 ስልክ እና 40 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት ያህል ይበቃል። ለ40 ቤት 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በባትሪ አልፎ ሲመጣ የሚባክነውን ጨምሮ 12 ያዙለት። የሚተርፈው በአማካይ ቀን 25፣ በነሐሴ 18፣ በክፉ ቀን 3 ነው። የመከፋፈያ ደንባችሁን በ25 ላይ ካቆማችሁት በክረምት ይፈርሳል። በ3 ላይ አቁሙትና የቀረውን በየዕለቱ እንደ ፀሐዩ ልቀቁት።

ድርሻው በእኩል ይሁን ወይስ በመዋጮ?

ካልተቀላቀሉ ሁለቱም ያፈርሳሉ። በእኩል ብቻ ከሆነ ብዙ ያዋጣው ሰው ለባትሪ መቀየሪያ ሁለተኛ አያዋጣም። በመዋጮ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምሰሶ ደጃፏ ቆሞ በኩራዝ የምታመሽ እናት ትኖራለች፤ ብዙም ሳይቆይ በሌሊት ሽቦ መቀጠል ይመጣል። የምንመክረው ሦስት ደረጃ ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው የመነሻ ድርሻ ነው። እያንዳንዱ ቤት ያዋጣውም ያላዋጣውም 250 ዋት ሰዓቱን ያገኛል፤ ወርሃዊውን አነስተኛ ክፍያ ግን ሁሉም ይከፍላል። ቀጥሎ የጋራ አገልግሎት ይመጣል፦ ጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤት፣ የውሃ ፓምፕ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን መብራት። ከዚህ የተረፈው በዋጋ ይሸጣል። ገንዘብ ወይም ፓኔል ያዋጣ ሰው የሚካሰው ከዚህ ሽያጭ ነው፤ በብር ይካስ እንጂ በኪሎዋት ሰዓት አይካስ። በኃይል ከተካሰ፣ ብዙ ያዋጣው ሰው ድርሻውን የሚጠይቀው ሌላው በቸገረበት ምሽት ይሆናል። በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጃችሁ ከሆነ የአክሲዮን ብዛት ድምፅ እንደማይጨምር አትርሱ፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው።

«የእኛ ቤት 9 ሰው ነው፣ የእነሱ 3» የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም። አንድ አምፖል ለ3ም ለ9ም ሰው ያው ያበራል፤ በሰው ቁጥር የሚጨምረው በዋናነት የስልክ ቻርጅ ነው። ስለዚህ በራስ መቁጠር ትርፉ ጭቅጭቅ ነው። በአባወራ ስም መቁጠርም ችግር አለበት፦ ሁለት ቤት የሚያስተዳድር አባወራ አንድ ድርሻ ይዞ ሁለተኛዋ ቤት ጨለማ ታድራለች። በምድጃ ቁጠሩ፤ እሳት የሚነድበት ቤት ሁሉ አንድ ድርሻ አለው።

ያልተጠቀምንበት ድርሻ ለሌላ ቀን ይጠራቀምልን?

አይጠራቀም። የመስኖ ተራ የደረሰው ሰው ውሃውን ካላጠጣበት ወደ ቀጣዩ እንደሚያልፈው፣ በዕለቱ ያልተወሰደ ኃይልም ለጋራው ይለፍ። በጥር ተጠራቅሞ በደብተር የተመዘገበ 20 ኪሎዋት ሰዓት በነሐሴ ባትሪ ውስጥ የለም፤ የጥር ፀሐይ የገባችው በጥር ነው። 40 ቤት የጥር ሒሳቡን በአንድ የነሐሴ ሳምንት ልውሰድ ቢል ጣቢያው በመጀመሪያው ምሽት ይዘጋል።

በዚያው ቀን ድርሻን ለጎረቤት ማስተላለፍ ግን ይፈቀድ። ወደ ዘመድ ቤት የሄደ ሰው የዕለት ድርሻውን ልጇ ለፈተና ለሚያጠናላት ጎረቤቱ ቢሰጥ ጣቢያው የሚጎዳው ነገር የለም።

ለምንድን ነው የሌሊቱ ዋጋ ከቀኑ የሚበልጠው?

የቀኑ ኃይል ከፓኔል በኢንቨርተር በኩል በቀጥታ ይደርሳል። የሌሊቱ ባትሪ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ ባትሪ ደግሞ ያልቃል። ስሌቱ ይህ ነው፦ አንድ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 80 በመቶውን ብቻ ብትጠቀሙ በአንድ ዙር (አንዴ ሞልቶ አንዴ ሲወጣ) 4.1 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። 4,000 ዙር ቢሠራ በዕድሜው 16,400 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያሳልፋል። የገዛችሁበትን ዋጋ በ16,400 አካፍሉ። ለስሌት እንዲቀል ባትሪው 164,000 ብር ነው እንበል፤ እያንዳንዱ የሌሊት ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ባትሪ ይበላል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሌሊት 1 ኪሎዋት ሰዓት ለማግኘት ቀን 1.2 ያህል ማስገባት ያስፈልጋል። የቀኑን 4 ብር ብትሸጡ የሌሊቱ 4.80 ሲደመር 10፣ 14.80 ብር ይሆናል። ብሩ ለምሳሌ ነው፤ የራሳችሁን ደረሰኝ አስገቡበት።

ይህን ስሌት ያልሠራ ማኅበር ቀንና ሌሊቱን በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ያኔ ቀን ለምጣድም ሆነ ለፀጉር ቤት ኃይል የሚገዛው ሰው የሌሊት ቴሌቪዥን ተመልካቹን ባትሪ ይከፍላል ማለት ነው።

ባለ ሁለት ታሪፍ ቆጣሪ ውድ ከሆነባችሁ ርካሹ መፍትሔ ሁለት መስመር መዘርጋት ነው። አንዱ ሁልጊዜ የሚበራ ነው። ሌላው በታይመርና በኮንታክተር (ታይመሩ ሲያዘው መስመሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ የሚከፈት ነው፤ በርካሽ የሚሸጠው በዚህ በኩል ነው።

የቀኑን ትርፍ ለምን እናውለው? ምጣድ፣ ወፍጮ፣ የቡና መፈልፈያ?

ምጣድ ይቻላል፣ ግን በተራ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። 3 ቤት በአንድ ጊዜ ካበራ 10 ኪሎዋቱ ኢንቨርተር ይወድቃል። የሚሻለው ከባትሪ ክፍሉ አጠገብ አንድ የጋራ ምጣድ ቤት ሠርቶ በአጭርና ወፍራም ሽቦ ማገናኘት ነው። አንዲት እናት 2 ሰዓት ብትጋግር 7 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች። በደህና ቀን ሁለት ተራ ይቻላል፤ በክፉ የነሐሴ ቀን አንድም የለም። ይህን አስቀድማችሁ በደንባችሁ ውስጥ ጻፉት፤ አለበለዚያ ሊጥ አቡክታ የመጣች ሴት ስትመለስ የሚነገረው በመንደሩ ሁሉ ነው።

የውሃ ፓምፕ ከሁሉም ይሻላል። ውሃ በከፍታ ያለ ታንከር ውስጥ ይቀመጣል፣ ባትሪ አይነካም፣ ደመና ሲመጣ ለአንድ ሰዓት ቢቆም ማንም አይጎዳም። ወፍጮ ግን 7.5 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሚስብ ስለሆነ ለዚህ መጠን ጣቢያ ይከብዳል። ካላችሁም ባለ ሦስት ፌዝ ድራይቭ (ሞተሩን ቀስ እያለ የሚያስነሳና ፍጥነቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

የቡናው ነገር በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በማናና በገራ በኩል ያለውን ሁሉ ይመለከታል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እሸት ቡና የሚለቀመው ቀን ነው፤ ወደ መፈልፈያው የሚደርሰው ከሰዓት በኋላና ሲመሽ ነው። ደግሞ በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ የመፈልፈያው ፍላጎት የሚመጣው ትርፉ ካለቀ በኋላ ነው፤ የሌሊቱ ቴሌቪዥንና አምፖልም በዚያው ሰዓት ነው። 1.5 ኪሎዋት ሞተር ለ3 ሰዓት ቢሠራ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ከባትሪ ይወጣል፤ የ18 ቤት የዕለት ድርሻ ማለት ነው። መውጫው ሁለት ነው፦ ለቃሚዎች በሁለት ዙር፣ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ እንዲያስረክቡ ማድረግ፤ ካልሆነም የመፈልፈያው ባለቤት ሙሉውን የሌሊት ዋጋ መክፈል። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ አምፔር ስለሚስብ ያለ ሶፍት ስታርተር (ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያ) አታስነሱት። አምፖሎች ሁሉ ብልጭ ብለው ኢንቨርተሩ ከጠፋ ምክንያቱ በአብዛኛው ይህ ነው።

በክረምት ሲቸግር ማን ይቆረጥ?

የሚቆረጠውን ሰው ሳይሆን የሚቆረጠውን አገልግሎት ወስኑ፤ ውሳኔው በሰው እጅ ሳይሆን በባትሪው መጠን ይሁን። የሚከተለው ደረጃ በምሳሌው ጣቢያ ባትሪውን ከ20 በመቶ በታች እንዳናወርድ ተብሎ የተሰላ ነው። በየምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ባትሪው ስንት በመቶ እንዳለው አንብባችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉት፦

70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉው 250 ዋት ሰዓት ይለቀቃል። ከ50 እስከ 70 ከሆነ 150። ከ40 እስከ 50 ከሆነ 100፤ ቴሌቪዥን የለም። ከ40 በታች ከወረደ 50፣ ማለትም ጥቂት አምፖል ብቻ። የጤና ኬላው ክትባት ማቀዝቀዣ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት ስላለበት የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ይኑረው።

ንባቡን በቮልት አታድርጉት። የሊቲየም ባትሪ ከ30 እስከ 80 በመቶ ባለው ክልል ቮልቱ ብዙም አይለወጥም፤ 70 የመሰላችሁ 40 ሊሆን ይችላል። ሻንት (ወደ ባትሪው የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚለካ ክፍል) ያለው የባትሪ ሞኒተር ግዙና ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ባትሪው እስከ 100 ሞልቶ ሞኒተሩ እንዲስተካከል አድርጉ። በሐምሌ ለሳምንታት ሳይሞላ ሲቀር ንባቡ እየሳተ ይሄዳል፤ ኮሚቴው «ዋሸን» የሚባለውም አንዳንዴ በዚህ ነው።

የግል ፓኔል አለኝ፤ ለጎረቤቴ መስመር ልስጠው?

በ220 ቮልት ስጡት፤ ከባትሪ በቀጥታ በዲሲ (በኢንቨርተር ሳያልፍ) አትስጡት። 100 ሜትር ርቀት ላይ 10 አምፔር በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ብትልኩ መንገድ ላይ 14 ቮልት ይጠፋል። በ220 ላይ ይህ ከ6 በመቶ በላይ ነው፤ በ48 ቮልት ላይ ግን 29 በመቶ ይሆናል፣ መሣሪያው አይሠራም። በ6 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ብትልኩት የሚጠፋው 5.8 ቮልት ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ይህ ነው። አልሙኒየም ከሆነ 10 ካሬ ሚሊሜትር ያዙ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው የሕይወት ጉዳይ ነው። በመስመሩ መነሻ ላይ 30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ መቁረጫ (RCD፣ ኤሌክትሪክ በሰው ወይም በሌላ ነገር ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚዘጋ) ይኑር። ግን ብቻውን አያድንም፦ የብዙ ኢንቨርተሮች መውጫ ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ስለሆነ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) በአንድ ቦታ ከኧርዝ ዘንግ (መሬት ውስጥ ከተቀበረው ብረት) ጋር ካልታሰረ መቁረጫው ሰው ሲነካም አይቆርጥም። ማሰሪያው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ኒውትራላቸው መታሰር የሌለበት ኢንቨርተሮችም ስላሉ መመሪያውን ሳታነቡ አትንኩት። ጅማ መብረቅ የሚበዛበት አገር ነው፤ በፓኔል በኩልም በመስመር በኩልም ሰርጅ አሬስተር (የመብረቅን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርድ መከላከያ) አስገቡ። የባህር ዛፍ ምሰሶ ከሆነ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ሥሩን ቆፍራችሁ እዩ፤ ምስጥ ከላይ አይታይም።

ለየቤቱ 2 አምፔር ብሬከር አስገብተናል፤ ለምን 500 ዋት ሲስቡ አይቆርጥም?

ብሬከር የተሠራው ሽቦን ከመቃጠል ለማዳን እንጂ ድርሻን ለመለካት አይደለም። ባለ 2 አምፔር ብሬከር እስከ 2.26 አምፔር (500 ዋት ያህል) ለአንድ ሰዓት ሳይቆርጥ እንዲቆይ ነው የተሠራው፤ 2.9 አምፔር ላይም ለመቁረጥ አንድ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በተጨማሪም ብሬከር የሚገድበው በአንድ ጊዜ የሚሳበውን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ 200 ዋት የሚስበውን ሰው ጨርሶ አያየውም። የዕለት ድርሻን ለመገደብ በዋት ሰዓት የሚቆጥርና ሲያልቅ የሚዘጋ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያስፈልጋል።

ዋናው ቆጣሪና የየቤቱ ድምር አይገጥምም፤ ሰው እየሰረቀ ነው?

ወዲያው ሰው አትጠርጥሩ። ከ5 እስከ 8 በመቶ ልዩነት በሽቦና በቆጣሪዎቹ የራሳቸው ፍጆታ ይጠፋል። ከ10 ካለፈ ፈልጉ። አሠራሩ፦ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ ሰው በተኛበት፣ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየዘጋችሁ ዋናው ቆጣሪ ላይ የሚወርደውን ዋት መዝግቡ። ከቅርንጫፉ ቆጣሪዎች ድምር በላይ የሚወርድበት መስመር ላይ ነው ችግሩ። በብዛት የሚገኘው የዛገ መገጣጠሚያ ወይም ከእርጥብ ቅርንጫፍ ጋር የሚነካካ ሽቦ ነው፤ አንዳንዴ እውነትም ከቆጣሪ በፊት የተቀጠለ ሽቦ ነው። ቅጣቱ በደንቡ በብር ተጽፎ ይቀመጥ፤ ከዚያ በላይ የሚሄደውን ለሽማግሌ ተዉት።

በረመዳን ምን እንለውጥ?

ፍላጎቱ ከምሽት ወደ ሌሊት ይሸጋገራል፤ ለሱሁር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ቤቶች ሁሉ ይበራሉ። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪያችሁ ዕለቱን የሚያድሰው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከሆነ የሱሁሩ ፍጆታ ከቀጣዩ ቀን ድርሻ ይቀነሳል፣ አፍጥር ላይም ሰው ይጨልምበታል። ለወሩ ማደሻውን ወደ ንጋት 12 ሰዓት አዙሩት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ በክረምት የሚውልበትን ዓመት አስቀድማችሁ አስቡ።

በአጠገባችን ወንዝ አለ፤ ከሶላሩ ጋር ይሄዳል?

በጣም ይሄዳል። በሰከንድ 20 ሊትር የሚፈስ ውሃ 10 ሜትር ቢወርድ በአነስተኛ ተርባይን 1 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 24 ሰዓት ስለሚሠራ በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሶላሩ በሚደክምበት ክረምት ወንዙ ይሞላል፣ ወንዙ በሚቀንስበት በጥርና በየካቲት ፀሐይ ይበረታል። የውሃ ተርባይን ትርፉን አያቆምም፤ መቆጣጠሪያው ያልተወሰደውን ኃይል ወደ ማሞቂያ ዘንግ ይልከዋል። ዘንጉን አየር ላይ ከማቃጠል በርሜል ውሃ ውስጥ አስገቡትና ሙቅ ውሃውን ለጤና ኬላው ወይም ለማጠቢያ አውሉት። በርሜሉ ሲደርቅ ዘንጉ እንደሚቃጠል ግን አስቡ።

ከተማ ውስጥ ነን፤ ግቢው አንድ ቆጣሪ አለው፣ ጣሪያ ላይ ሶላር አለ። ከተከራዮች ጋር እንዴት እንካፈል?

የቤት ታሪፍ እየጨመረ በሚሄድ እርከን ስለሚሰላ (50፣ 100፣ 200 ኪሎዋት ሰዓት እያለ) በአንድ ቆጣሪ ያለ ግቢ ሁሉም ወደ ላይኛው እርከን ይገፋል። ሶላሩ መጀመሪያ የሚቀንሰው ይህን ውዱን እርከን ነው። ስለዚህ የቁጠባው ጥቅም ለሁሉም ተከራይ በንዑስ ቆጣሪው ልክ ይመለስ፤ ባለቤቱ ለፓኔሉ ከቁጠባው የሚወስደውን መቶኛ በጽሑፍ ይስማሙበት። መብራት ሲጠፋ ሶላሩ ወደ ውጪው መስመር እንዳይመለስ ቼንጅ ኦቨር (ግቢውን ከሁለቱ ምንጮች ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ) ይኑር፤ ምሰሶ ላይ ያለ ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው የሚይዘው።

ለጎረቤት ኃይል መሸጥ ፈቃድ ይፈልጋል?

የኤሌክትሪክ ማመንጨት፣ ማከፋፈልና ሽያጭ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ና በማሻሻያው የሚመራ ሲሆን ተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ምሰሶ ከመትከላችሁ በፊት ወደ ወረዳችሁ የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የፓኔል፣ የባትሪና የኢንቨርተር መጠን፣ የተጠቃሚ ብዛትና የመስመሩን ንድፍ ይዛችሁ። ወደ መብራት ኃይል መስመር መላክ ያለ ስምምነት አይሞከርም።

የጎረቤት ዛፍ ፓኔሉን ያጠላል፤ ማን ይቁረጥ?

ሰሳና ዋንዛ ለቡናው ጥላ ስለሆኑ ባለቤቱ በቀላሉ አይቆርጥም፤ ትክክልም ነው። መጀመሪያ ጥላው ስንት እንደሚያስከፍል ለኩ፦ ፓኔሎቹ በተከታታይ የታሰሩ ከሆነ በአንዱ ላይ የወደቀ ጥላ የመላውን ሰንሰለት ምርት ሊቀንስ ይችላል። የሚጠላው ጠዋት ብቻ ከሆነ ጠዋት ጥላ የሚወድቅባቸውን ፓኔሎች በአንድ ሰንሰለት፣ የቀሩትን በሌላ አድርጋችሁ መቆጣጠሪያው ላይ በተለያየ መግቢያ ማስገባት አብዛኛውን ይመልሳል። መግረዝ ግድ ከሆነ ከትርፉ ሽያጭ ለዛፉ ባለቤት ይከፈል፤ ቅርንጫፉም የእሱ ነው። አዲስ ጣቢያ ስትተክሉ ደግሞ ፓኔሉን ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል አድርጉት፤ ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማይደርስበትን ቦታም ዛፉ 5 ዓመት ሲያድግ እንደሚሆነው አድርጋችሁ ምረጡ።